የሙሉንጉ ወንዝ አማካይ ፍሰት

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመት፤ በዚያ አገር የበጋ ወር በሆነው በነሐሴ አጋማሽ፤ በብራዚል ሰሜን ምሥራቅ በሴያራ ግዛት የሚገኘው የሙሉንጉ ሸለቆ እንደ ተላጨ ራስ ገርጥቶ ይታይ ነበር። እሾሃሙ ጫካ ቅጠሉን አራግፎ ከዳር እስከ ዳር አመድ መስሏል፤ ከወንዙ ዳር የቆሙት የካርናውባ ዘንባባዎች ብቻ አረንጓዴነታቸውን እንደ ሹመት ይዘው ቀርተዋል፤ ከሰማይ ጥንብ አንሳ ይዞራል፤ ከምድር አሸዋው ይነድዳል። በዚያ ቀትር የሸለቆው ግድብ ኮሚሽን የስሌት ሹም የሆነው ሴኞር ዜፌሪኖ ታቫሬስ፤ የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ፤ ነጭ ሙሉ ልብሱ በላብ ከጀርባው ተጣብቆ፤ ከተከራያት በቅሎ ወርዶ ከወንዙ አፋፍ ላይ ቆመ።

ወንዙ አልነበረም።

ከአፋፉ በታች ስፋቱ መቶ ክንድ የሚያህል አሸዋ ተዘርግቷል፤ በአሸዋው መካከል ቀይና ነጭ የተቀባ፤ ቁመቱ ከሁለት ሰው የሚበልጥ የመለኪያ እንጨት ተተክሏል፤ በእንጨቱ ላይ አንዲት ፍየል ጎኗን ታካለች። ዜፌሪኖ ከደረት ኪሱ ማስታወሻውን አውጥቶ ገለጠ። በገዛ እጅ ጽሕፈቱ «ሙሉንጉ፤ የነሐሴ አማካይ፤ በሴኮንድ አራት ሜትር ኩብ» ይላል። አራት ሜትር ኩብ ማለት ያቺን ፍየል ከነእንጨቱ ጠራርጎ የሚወስድ ውኃ ነው።

«ፍየሏ የእኔ ናት፤ ዶክተር፤ አይቆጡባት» የሚል፤ የተማረ መሳይን ሁሉ ዶክተር ማለት የለመደ ድምፅ ከኋላው መጣ። «የመንግሥት እንጨት መሆኑን ነግሬያታለሁ፤ ማንበብ ግን አትችልም።»

ተናጋሪው በፀሐይ የደረቀ ሽማግሌ ነበር፤ የከብት ነጂ የቆዳ ባርኔጣ ደፍቶ፤ ከብብቱ ሥር በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ መዝገብ ይዟል። ዜፌሪኖ ፊቱን አያውቀውም፤ እጅ ጽሕፈቱን ግን እንደ ወንድሙ ያውቀዋል። ከሁለት ዓመት በፊት በዋና ከተማው በፎርታሌዛ፤ ከቢሮው ጠረጴዛ ሳይነሳ፤ የዚህን ሰው የአሥራ ሰባት ዓመት ንባብ ደምሮና አካፍሎ የሙሉንጉን አማካይ ፍሰት አሥራ አንድ ሜትር ኩብ ያደረገው እሱ ነው። ከመዝገቡ ከሦስት መስመር ሁለቱ ባዶ ስለ ነበሩ «አንባቢው ሰነፍ ነው» ብሎ በኅዳግ ላይ በቀይ ቀለም ጽፎ ነበር፤ ያልተነበበ ቀን አይቆጠርም የሚለውን የትምህርት ቤት ሕግ ተከትሎም ባዶውን ሁሉ ዘልሎታል። በዚያ አሥራ አንድ ላይ ግድብ ተሠራ፤ ከግድቡ በታች ለሦስት መቶ ቤተሰብ የመስኖ መሬት ተሸነሸነ፤ ከሦስት መቶውም አንዱ የታላቅ እህቱ የኤውዶሲያ ቤተሰብ ነው። ተራራ ላይ ያለውን የምንጭ ዳር ማሳቸውን ትተው እንዲወርዱ የለመናቸው፤ ስማቸውንም ያስመዘገበው፤ ማንም አይደለም፤ ዜፌሪኖ ነው።

«ጋሽ ጋውዴንሲዮ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፤ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ላይ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።»

«ታዲያ መዝገቡ ለምን ባዶ ሆነ? ከሦስት ቀን ሁለቱን አልመጡም እኮ!»

ሽማግሌው ባርኔጣውን ከግንባሩ ገፋ አደረገ። «አልመጡም? እኔ? ሚስቴን የቀበርኩ ዕለት እንኳ ከመቃብሩ በቀጥታ የመጣሁት እዚህ ነው። ሰዉ ሁሉ ታዝቦኛል።»

«እሺ፤ ቁጥሩ የታለ?»

«የምን ቁጥር? ውኃ የለማ! ‹ውኃው የደረሰበትን ጻፍ› ተባልኩ። አልደረሰም፤ አልጻፍኩም።»

«ዜሮ ብለው አይጽፉም?»

ጋውዴንሲዮ አማተበ። «በዚህ ሸለቆ ወንዝ ዜሮ አይባልም፤ ልጄ። ወንዙ ተቆረጠ ነው የሚባል። የተቆረጠ ይቀጠላል። ዜሮ ብሎ የጻፈ ሰው ድርቁን በስሙ ጠራው ማለት ነው። የዘጠኝ መቶ አሥራ አምስቱን ድርቅ ማን እንደ ጠራው እስካሁን እንጠያየቃለን፤ እኔ ልሁን እንዴ ደግሞ?»

«ለቢሮው መንገር ነበረብዎት!»

«ምን ብዬ? ‹ክቡራን ሆይ፤ በነሐሴ ውኃ የለም› ብዬ? እዚህ አገር ተወልዶ ይህን የማያውቅ ሰው ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል ብዬ በምን ልጠርጥር?»

ዜፌሪኖ የተወለደው ከተራራው ላይ፤ ክረምት ከበጋ ውኃ ከማያጣ ምንጭ አጠገብ ነው፤ የቆላው ወንዝ እንደሚደርቅ በወሬ ያውቃል፤ ነገር ግን ባዶ መስመር ባየ ጊዜ የታየው የደረቀ ወንዝ ሳይሆን የተኛ ድሃ ነበር። ይህን ሲያስብ ዘንባባ ተደግፎ አስታወከ። ሽማግሌውም «ፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ነው» እያለ ጀርባውን ደበደበው።

አራት ቀን በጋውዴንሲዮ ዳስ ሥር ተቀመጠ፤ የካሳቫ ዱቄትና ቋንጣ እየበላ፤ ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ቀን እንደ አዲስ ቆጠረ። ውኃ የነበረበት ቀን ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ገደማ ነው፤ የቀረው ሁሉ አሸዋ ነው። አሥራ አንዱ ተሸንሽኖ አራት እንኳ አልሞላ አለ። ከዚያ የባሰውን ያገኘው ዓመቶቹን በየተራ ሲደረድር ነው፤ ከአሥራ ዘጠኙ ዓመት በሰባቱ ወንዙ ግድቡን ለመሙላት ቀርቶ ሥሩን ለማርጠብ አይበቃም፤ እነዚያ ሰባት ዓመቶችም እንደ ተበተነ ዘር በየቦታው የወደቁ አልነበሩም፤ አንዱ ሌላውን በእጁ እየጎተተ ጥንድ ጥንድ፤ አንድ ጊዜም ሦስት ሆነው የመጡ ናቸው። ግድብ አንድ ክፉ ዓመት ይችላል፤ ክፉ ዓመት ወንድሙን ይዞ ሲመጣ ግን አይችልም።

ወደ ፎርታሌዛ ተመልሶ በዋና መሐንዲሱ በክቡር ዶክተር ሌዎንሲዮ ፓምፕሎና ፊት በቀረበ ጊዜ፤ ዶክተሩ በቢሮው ሰገነት ላይ ሸርጣን ይበሉ ነበር። የሸርጣኑን እግር በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጡ፤ ከውስጡ ያለውን በከንፈራቸው እየመጠጡ፤ ቅርፊቱን ከጠረጴዛው ጫፍ ይከምሩታል። ዜፌሪኖ ሠንጠረዡን ሲዘረጋላቸው በሁለት ጣታቸው ሳብ አድርገው አዩት፤ የአውራ ጣታቸው ስብ በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አምስት ዓመት ላይ ታተመ።

«ጥሩ ሥራ ነው» አሉ። «እጅህ ንጹሕ ነው።»

«ክቡር ዶክተር፤ አሥራ አንዱ ስሕተት ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። ግድቡ ቢሞላ ከሦስት ዓመት ሁለቱን ነው፤ መሬቱ ለመቶ ቤተሰብ ቢበቃ ነው።»

«ልጄ፤ አንተ የቆጠርከው ወንዙ በሌለበት ቀን ያለውን ወንዝ ነው። የሞተ ሰው ትኩሳት የለውም። የሆስፒታሉን አማካይ ትኩሳት ስታወጣ ሬሳውን ትደምረዋለህ?»

«ሆስፒታሉ ስንት ሰው አዳነ ተብዬ ከተጠየቅሁ እደምረዋለሁ።»

ዶክተሩ ሳቁ፤ ከልባቸው ነው የሳቁት፤ ከጥርሳቸው መካከል የሸርጣን ቁራጭ ታየ። «ምላስ አለህ! ምላስህን እወደዋለሁ። እንግዲህ ስማኝ፤ ሁላችንም እናውቃለን።»

«ምኑን?»

«ወንዙ እንደሚደርቅ ነዋ! እኔ የሴያራ ልጅ አይደለሁም እንዴ? ነገር ግን ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ለአሥራ አንድ ወንዝ ሲሚንቶ የሚሰጥ ሚኒስትር አለ፤ ለሦስት ተኩል ወንዝ የሚሰጥ የለም። ያንተን ወረቀት ባየሁ ጊዜ ‹ይህን ልጅ እግዜር ነው የላከው› ነው ያልኩት። ዝናብ ከመጣ ማን ይጠይቀናል? ካልመጣም የእግዜር ሥራ ነው፤ እሱን የሚጠይቅ የለም።»

ዜፌሪኖን ስሕተቱን የሠራው ባለማወቅ መሆኑ ያጽናናው ነበር፤ አሁን ያቺ መጽናኛም ተወሰደችበት፤ ያለማወቁን አይተው እንደ መሣሪያ ይዘውት ኖሯል። «ሦስት መቶ ቤተሰብ አለ፤ ክቡር ዶክተር። እህቴ አለች።»

«እህትህ?» ዶክተሩ በፎጣ አፋቸውን ጠረጉ፤ ዓይናቸው በእውነተኛ ርኅራኄ ለሰለሰ። «ምነው ቀድመህ አትነግረኝም! ስሟን ዛሬውኑ እናወጣዋለን። ቦታዋን የሚናጠቅ ሺህ ሰው አለ።»

ከዚያ ርኅራኄ የበለጠ ያቅለሸለሸው ነገር አልነበረም፤ የእህቱን ስም ለብቻው እንዲያወጡለትም አልተቀበለም። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው ይባላል፤ ዜፌሪኖ ግን በዚያች ሰዓት ሽታው ከራሱ ልብስ የሚወጣ መሰለው። ማረሚያውን በሦስት ቅጂ ጽፎ ለኮሚሽኑ አስገባ፤ አንዱም ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ቤት አልገባም። ለጋዜጣ ላከ፤ ጋዜጣው የግድቡን ምርቃት ፎቶግራፍ አወጣ። በጥቅምት ወር ሹመቱን ለቀቀ፤ የመልቀቂያውንም ወረቀት ዶክተሩ «በጤና ምክንያት» ብለው ፈረሙበት።

የቀረው እህቱን ማስቀረት ብቻ ነበር። ወደ ተራራው የደረሰው በታኅሣሥ አሥራ ሦስት፤ በቅድስት ሉሲያ ዕለት ማለዳ ነው። ኤውዶሲያና ባሏ ቲቡርሲዮ ከጎረቤት ጋር በደጃፍ ተሰብስበው በአንድ ሳንቃ ላይ ጎንበስ ብለዋል፤ የአምስት ዓመቷ ልጃቸው ፊሎሜና በመካከላቸው ተንጠራርታ ታያለች። በዋዜማው ማታ በሳንቃው ላይ ስድስት የጨው ድንጋይ ተደርድረው ጤዛ ላይ አድረዋል፤ አንዱ ለጥር፤ ሁለተኛው ለየካቲት፤ እንዲህ እያለ እስከ ሰኔ። የረጠበው ድንጋይ ወሩ ይዘንባል፤ ደረቅ ያደረው ይነፍጋል።

«ና! ና! ዜፌ፤ እይልኝ!» አለች ኤውዶሲያ ገና ሳያርፍ። «ጥር ቀልጣ ውኃ ሆናለች! የካቲትና መጋቢትም ላብ ላብ ብሏቸዋል። በእግዜር ዓመት ነው የምንወርደው።»

«ኤውዶሲያ፤ አትውረዱ።»

ሰው ሁሉ ቀና አለ። ዜፌሪኖ ቁጥሩን፤ ባዶ መስመሮቹን፤ ሸርጣኑን ሳይቀር ነገራቸው፤ ጥፋቱም የራሱ መሆኑን አልደበቀም። ኤውዶሲያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ቄሱ በቅዳሴ መካከል ያነበቡልን የመንግሥት ወረቀት ታዲያ ምንድን ነው? ማኅተም ነበረው።»

«እኔ የጻፍኩት ነው። ውሸት ነው።»

«ያኔም አንተ፤ አሁንም አንተ! የትኛውን ዜፌሪኖ ልመን?»

«የአሁኑን። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰባቱ ደረቅ ነው እያልኩሽ ነው።»

ቲቡርሲዮ ጎረቤቱን በዓይኑ ጠቀሰ። «በእንስሳት ሎተሪ ሰባት ቁጥር በግ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ጣዎስ ነው። እና አማቼ፤ በበጉ ነው በጣዎሱ የምወራረደው?» ደጃፉ በሳቅ ተሞላ፤ ፊሎሜናም ምን እንደሚያስቅ ሳታውቅ ከሁሉ በላይ ሳቀች።

ኤውዶሲያ ግን አልሳቀችም። ወንድሟን በክንዱ ይዛ ከምንጩ ዳር ወሰደችው። «አሁን ሰው የለም። ነገሩን አታወሳስብብኝ፤ እኔ ሂሳብ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ የሚመጣው ዓመት ይደርቃል ወይስ አይደርቅም?»

ዜፌሪኖ ዓይኗን አየ። በአንድ ቃል ይጨርሰው ነበር። ነገር ግን ስለ ቁጥር አንድ ጊዜ ዋሽቶ ነበር፤ ሳያውቅ ቢሆንም ዋሽቶ ነበር፤ ዳግመኛ ላለመዋሸት በጋውዴንሲዮ ዳስ ሥር ለራሱ ምሏል። የሚያውቀው ምን ያህል ጊዜ እንደሚደርቅ እንጂ መቼ እንደሚደርቅ አይደለም።

«አላውቅም» አላት።

«ጨው ታውቃለች» አለች ኤውዶሲያ፤ ክንዱንም ለቀቀችው። «ዶክተሩ ያውቃሉ፤ ቄሱ ያውቃሉ። የሃያ ዓመት ትምህርት ተምረህ የማታውቅ አንተ ብቻ ነህ። እኔ እዚህ ዓለት ላይ በእጄ ስቧጥጥ እርጅና ሊመጣብኝ ነው፤ ዜፌ። እነሱ መሬት ሰጡኝ፤ አንተ ‹አላውቅም› ሰጠኸኝ።»

በጥር መጀመሪያ ወረዱ።

የአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጥር አልዘነበም። በየካቲት ሰማዩ ሦስት ጊዜ አጉረምርሞ አቧራው ላይ አንጠባጥቦ ሄደ። በመጋቢት አሥራ ዘጠኝ፤ ሕዝቡ ሁሉ የመጨረሻውን የዝናብ ተስፋ በሚያስርባት በቅዱስ ዮሴፍ በዓል ዕለት፤ ሰማዩ እንደ ተወለወለ ሳህን ነበር። በግድቡ ውስጥ እስከ ጉልበት የማይደርስ አረንጓዴ ዝቃጭ ተኝቶ፤ የሞቱ ላሞች ሆዳቸው ተነፍቶ በዳሩ ተደርድረው፤ ሰፋሪው ያንኑ በጨርቅ አጥልሎ ጠጣ። በሚያዝያ ቲቡርሲዮ ሥራ ፍለጋ ወደ አማዞን ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው አልተሰማም። ኤውዶሲያ ልጇን አዝላ ወደ ባቡር ጣቢያው በእግሯ ተነሣች፤ እንደ እርሷ ያሉ ሺዎችም ከየሸለቆው ወጡ።

ባቡሩ ግን ወደ ፎርታሌዛ አላደረሳቸውም። የከተማው ባለጸጎች ረኃብተኛው በአደባባያቸው እንዳይታይ ፈርተው ነበርና፤ መንግሥት በየሐዲዱ ዳር በሽቦ የታጠረ ሰፈር ሠራ፤ ሕዝቡም ያንን ቦታ ሲጠራው «የመንግሥት በረት» አለው። በበሩ ሲገቡ ራሳቸውን ይላጫሉ፤ የዱቄት ጆንያ ተቀድዶ ልብስ ይሆናቸዋል፤ ወታደር በጠመንጃ ይጠብቃቸዋል። ዜፌሪኖ በሰኔ ወር ከሦስት በረት ዞሮ በአራተኛው እህቱን አገኛት። ከሽቦው ማዶ ከተላጩ ሴቶች መካከል አላወቃትም፤ እርሷ ናት ያወቀችው። አየሩ የኖራና የተቅማጥ ሽታ ይዞ እንደ እርጥብ ጨርቅ በፊት ላይ ይለጠፍ ነበር።

«ፊሎሜና የት አለች?»

«ማክሰኞ ዕለት» አለች ኤውዶሲያ። ጣቷን ሬሳ በኖራ ወደሚቀበርበት ጉድጓድ ቀሰረች፤ ጉድጓዱ ረጅም ነበር፤ ማክሰኞ የትኛው ጫፍ እንደ ሆነ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ዜፌሪኖ ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘው፤ እሾሁ መዳፉን ወጋው። «ይቅር በይኝ። አሥራ አንዱን የጻፍኩ እኔ ነኝ።»

«እሱን ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «እሱን ሳታውቅ ነው ያደረግኸው። ምንጩ ዳር ስጠይቅህ ለምንድን ነው ያልዋሸኸኝ? ‹ይደርቃል› ብትለኝ እቀር ነበር። ዶክተሩ ዋሹኝ፤ ቄሱ ዋሹኝ፤ ጨው እንኳ ዋሸችኝ፤ ሁሉም ለራሱ ዋሸኝ። ለእኔ ብሎ የሚዋሽ ወንድም አንድ እንኳ አጣሁ?»

ዜፌሪኖ በዚያው ዕለት ለጠባቂው ሰዓቱን ሰጥቶ እህቱን ከበረቱ አወጣት፤ ወደ ተራራውም ይዟት ወጣ። አንድ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ኖሩ፤ እሱ ለመንደሩ ልጆች ሂሳብ አስተማረ፤ እርሷም ምግቡን አቀረበችለት፤ ልብሱን አጠበችለት፤ ስለ አየር ሁኔታ ግን ዳግመኛ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችውም።

የሠላሳ ሁለቱን ድርቅ የሚያወሱት መጻሕፍት ብዙዎች ናቸው፤ ስለ ሙሉንጉ የሚያወሱት ግን በአንድ ቃል ተስማምተው «ማንም ሊገምተው ያልቻለ መቅሠፍት» ይሉታል። የወንዙ አማካይ ፍሰት በኮሚሽኑ ሠንጠረዥ እስከ ብዙ ዘመን አሥራ አንድ ሆኖ ቆየ፤ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍም ሳይነካ ተገለበጠ። የማረሚያው ሦስት ቅጂዎች የት እንደ ደረሱ አይታወቅም። ዶክተር ሌዎንሲዮ ፓምፕሎና በስተርጅናቸው ስለ ድርቅ ትግላቸው ሜዳይ ተሸለሙ፤ ከሞቱም በኋላ በግድቡ አፋፍ ላይ ከደረታቸው በላይ ያለ የነሐስ ምስል ቆመላቸው፤ በሥሩም «በረሃውን ውኃ ያጠጣ» የሚል ተቀረጸ። የሸለቆው ሰዎች እንደሚሉት ኤውዶሲያ ታቫሬስ በየዓመቱ አንድ ማክሰኞ ከተራራው ወርዳ፤ የግማሽ ቀን መንገድ በእግሯ ሄዳ፤ በዚያ ነሐስ ፊት ላይ ምራቋን ትተፋ ነበር፤ ምራቁም በፀሐይ ከመድረቁ በፊት ተመልሳ ትሄድ ነበር። ይህን ግን የጻፈው የለም።